«ዋ»ን ጠበቅ አድርጉልኝ

ልጄ ምንትዋብ ትባላለች። አራት ዓመቷ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ይህ ስም ያላት ሌላ ሕፃን እስካሁን አልገጠመችኝም። ክትባት ወረፋ ላይ የምሰማው ሶልያና፣ ሀሴት፣ አርሴማ፣ ኤልዳና ነበር። ያምራሉ። የእኔዋ ስም ሲጠራ ግን ወረፋው ሁሉ ዞር ይላል።

ስሙን ያመጣሁት ከናርጋ ነው፤ ጣና ሐይቅ ውስጥ ደቅ ደሴት ላይ ያለ ገዳም ነው። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ ከባለቤቴ ጋር በሞተር ጀልባ ወደ ደቅ ደሴት ሄድን። ከጣና ገዳማት ውስጥ እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉት ሴት አያስገቡም። ናርጋ ሥላሴ ግን ያስገባል። በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ሥዕላቸው ግድግዳው ላይ አለ፤ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው። የአፄ በካፋ ሚስት፣ የአፄ ኢያሱ እናት፣ አገር ያስተዳደሩ ሴት እንዲያ ወድቀው ሳይ ሆዴ ባባ። ስንመለስ ጀልባው ላይ «ሴት ከሆነች ምንትዋብ ነው የምላት» አልኩት።

«መጀመሪያ ጮክ ብለሽ ጥሪያት» አለኝ ባለቤቴ። ይህ ምክር በጣም ጠቅሞኛል። ቤት ገብቼ ከጓሮ ወደ በሩ ተጣራሁ። የሰሙት አያቴ ናቸው፤ የደምቢያ ሰው ናቸው።

«ማንን ነው የምትጠሪው?»

«ልጄን፣ እማማ። ገና አልተወለደችም።»

«እንደሱማ አይባልም! ዋን ጠበቅ አድርጊው። ምን ትዋብ! ምን ታምር! እንደማለት እኮ ነው።»

እስከዚያ ቀን ስሙን አላልቼ ነበር የምጠራው። ትርጉሙም እንዲህ በግልጽ አልታየኝም ነበር። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። በዓሉ ገና እና «ገና ነው» የምንለው ገና ሲጻፉ አንድ ናቸው። የምንለያቸው ከልጅነታችን ስለሰማናቸው ነው። ተዋበች የሚለውን ስም ማንም አይሳሳትም፤ ጆሮ ለምዶታል። ብዙ ሰው የማይጠራውን ስም ግን አንባቢው የሚያገኘው በዓይኑ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚሳሳቱትን ሰዎች መቆጣት ተውኩ። አያቴ እንዳደረጉት «ምን ትዋብ!» እያልኩ አስረዳቸዋለሁ፤ አንዴ የገባው ሰው አይረሳውም።

የጽሑፉ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ሕጉ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ስለሚል በጊዜ ሄድን። ምስክር ወረቀቱ ላይ «ምንተዋብ» ተብሎ ወጣ። እኔም ሳላነብ ተቀብዬ ወጣሁ። ለአንዲት ፊደል ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። እባካችሁ ማህተሙ ሳይመታ መስኮቱ ጋ ቆማችሁ ፊደል በፊደል አንብቡ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ባለቤቴ እንዲጠብቅ ብሎ ደብሊዩ ሁለት ጊዜ ይግባ አለ። እኔ የታሪክ መጻሕፍት እንደሚጽፉት በአንድ ደብሊዩ ይሁን አልኩ። አድጋ ስሟን ስትፈልግ እቴጌዋን እንድታገኛቸው ነው የፈለግኩት። በዚያው ጸና።

የሚቆጨኝ አማቴን ቀድሜ አለማማከሬ ነው። እሳቸው ያሰቡላት ስም ነበር፤ በላይነሽ። ዛሬም የሚጠሯት በዚያው ነው፤ ልጄም አቤት ትላቸዋለች። ለነገሩ እቴጌዋም ባለብዙ ስም ነበሩ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነው። ልጄም በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ሌላ ስም ተጨመረላት። ይህን ካሰብኩ በኋላ በላይነሽ መባሏ ቅር አላለኝም። አማቴን ግን ያኔውኑ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» እንድላቸው ሲጠብቁ ዝም ብዬ ማለፍ አልነበረብኝም።

ዘንድሮ ነርሰሪ ስትገባ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ለመምህርቷ ስሙን ነገርኳት። ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ በሦስተኛው ዋን አጠበቀችው። ልጆቹም ከእሷ አፍ ነው የቀዱት። ከሰዓት ልወስዳት ስሄድ በሩ ላይ ተኮልኩለው «ምንትዋብ! እናትሽ መጣች!» እያሉ ይጣራሉ፤ ሁሉም አጥብቀው።