ማንም ያላንኳኳው በር

መስማት ለተሳናቸው ሰዎች በአካባቢያቸው ያለውን ድምፅ ለይቶ በስልክ ንዝረት የሚያሳውቅ አፕ እየሠራን ነበር። የሕፃን ለቅሶ፣ የመኪና ክላክስ፣ የውሻ ጩኸት፣ የበር መንኳኳት። በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ብዙም አልተቸገርንም። ጉግል ከዩቲዩብ በተሰበሰቡ ድምፆች አሠልጥኖ በነፃ የለቀቀው ያምኔት የተባለው ሞዴል 521 ዓይነት ድምፅ ይለያል፤ የሕፃን ለቅሶ ደግሞ የትም ቢሆን የሕፃን ለቅሶ ነው።

በር ግን አገር አለው። በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ኢኤስሲ-50 የሚባል የድምፅ ስብስብ አለ፤ 50 ዓይነት ድምፅ፣ 2000 ቅጂ፣ እያንዳንዱ 5 ሰከንድ። እዚያ ውስጥ ያለው የሚንኳኳ በር የእንጨት ነው። አዲስ አበባ ላይ እንግዳ የሚያንኳኳው የግቢ በር፣ ያውም ላሜራ ነው፤ የሚያንኳኳውም በሳንቲም፣ በቁልፍ፣ ሲብስም በድንጋይ ነው። ድምፁን በስፔክትሮግራም፣ ማለትም ድምፅን በሥዕል በሚያሳይ ግራፍ፣ ላያችሁት ልዩነቱ በዓይን ይታያል። እንጨት ሲመታ ቀጥ ብላ የቆመች አጭር መስመር ትታይና ወዲያው ትጠፋለች። ላሜራ ሲመታ ከዚያች መስመር በኋላ አግድም የተዘረጉ መስመሮች ይቀራሉ፤ ብረቱ ከተመታ በኋላም ማቃጨሉን ስለማያቆም። መቀርቀሪያው ከላላ የእሱም መንቀጫቀጭ ይጨመርበታል። ስለዚህ የራሳችንን ቅጂ መሰብሰብ ግድ ሆነ።

ሥራውን የወሰደው በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ታታሪ ልጅ ነው። ማታ ማታ ከሥራ ሲወጣ በዘመድና በጎረቤት ቤት እየዞረ፣ ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ ሰው በሩን እያስመታ ቀዳ። በር ያልሆኑትን ድምፆች፣ ማለትም ወሬውን፣ ሬዲዮኑን፣ የሳህን ኳኳታውን፣ ቡና ሲወቀጥ የሚሰማውን፣ ቤት ውስጥ ቀዳቸው። ቡናውን ማሰቡ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ሙቀጫና በር ለማሽን ቀርቶ ለሰውም አንዳንዴ ይምታታሉ። ያምኔትን መነሻ አድርጎ ሞዴሉን አሠልጥኖ ሲፈትነው ከ95 በመቶ በላይ አገኘ። ሥራ አስኪያጃችን ያችን ቁጥር በማግሥቱ ለድጋፍ ሰጪው በሚላከው ሪፖርት ውስጥ አስገባት።

ከመጀመሪያዎቹ ሞካሪዎች አንዷ በረንዳቸው ላይ ልብስ የሚሰፉ እናት ነበሩ። ስንጠይቃቸው ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነው። እሳቸው በምልክት ቋንቋ ነገሩን፤ ልጃቸው አስተረጎመች፦

«እማዬ ደጋግማ እስከ በሩ ሄደች፤ ሰው የለም። ሥራ አስፈታኝ ብላ ወደ ቤት አስገባችው። እዚያ ሲሆን ደግሞ አክስቴ መጥታ ስትደበድብ ዝም አለ።»

ከዚህ ንግግር ውስጥ የያዝኳት «ወደ ቤት አስገባችው» የምትለዋን ነው። ውጭ ሲሆን ያለ በር «በር» ይላል፤ ቤት ሲገባ ለእውነተኛው በር ዝም ይላል። ቢሮ ተመልሰን ልጁን ዋናዎቹን ቅጂዎች አስከፈትኩት። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ አንዱን ፋይል አጉልተን መንኳኳቱን በሙሉ እየቆረጥን አወጣን፤ የቀረው በምቶቹ መካከል ያለው ጭርታ፣ ትንሽ ነፋስና የሩቅ መኪና ብቻ ነው። ያንን ለሞዴሉ ሰጠነው። «በር» አለ፤ ያውም በሙሉ መተማመን።

ሞዴሉ የተማረው በርን ሳይሆን የምሽት ግቢን ነው። ታዲያ ፈተናው ይህን ለምን አላሳየም? ያምኔት ድምፁን የሚያየው 0.96 ሰከንድ በሆኑ ቁርጥራጮች ነው፤ ቀጣዩን ቁራጭ ሲጀምር የሚራመደው ደግሞ 0.48 ሰከንድ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁራጭ ግማሽ አካሉን ከጎረቤቱ ጋር ይጋራል። ልጁ ቁርጥራጮቹን በሙሉ በውዞ ለማሠልጠኛና ለመፈተኛ ሲያካፍላቸው፣ የአንዱ ቤት የአንዱ ምሽት ድምፅ በሁለቱም ወገን ገባ። ይህንን ሳስረዳው ትንሽ አሰበና «ፈተናው ቀድሞ ወጥቷል ማለት ነዋ» አለ። በ2008 ዓ.ም. ወጥቶ የተሰረዘውን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት አንዱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ማብራራት አላስፈለገኝም።

አደጋው የታወቀ ነው። ተመራማሪው ካሮል ፒቻክ በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ኢኤስሲ-50 አስቀድሞ በአምስት ተከፍሎ ነው የተዘጋጀው፤ ከአንድ ቅጂ የተቆረጡት በአንድ ምድብ ውስጥ ናቸው። 8732 የከተማ ድምፆችን የያዘው ኧርባንሳውንድ8ኬም በ10 ተከፍሎ ሲሰጥ፣ አዘጋጆቹ ዳታውን እንደገና አትበውዙ ብለው አጥብቀው ያሳስባሉ። ማሳሰቢያው ግን ዳታውን ከሌላ ለሚያወርድ ሰው ነው የተጻፈው። የራሱን ስልክ ይዞ የጎረቤቱን በር ለሚቀዳ ሰው ማንም አይነግረውም፤ ከባልደረባው በቀር።

ቅጂዎቹን በቤት ከፋፈልናቸው። የአንድ ግቢ ድምፅ ወይ ማሠልጠኛው ውስጥ ነው ወይ መፈተኛው ውስጥ፤ ሁለቱ ጋ አይገባም። ቁጥሩ ወደ 60ዎቹ ወረደ።

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ተለዋወጠ። «ተልኳል እኮ! አሁን ወርዷል ብዬ ልጻፍላቸው?»

«አዎ፣ ይጻፍ» አልኩት። የዘፈን ስም የሚገምት አፕ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተሟገትኩ ነበር። እኒህ ሴት ግን ስልኩን ካመኑ በሩን በዓይናቸው መጠበቅ ይተዋሉ። ያልያዝነውን ቁጥር ይዘናል ብንል የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው፤ ልብስ ሊያሰፋ መጥቶ የሚመለሰው ደንበኛ የእሳቸው ነው። ብዙ ተከራከርን፤ በመጨረሻ ሪፖርቱ ታርሞ ተላከ፤ ከአንድ ጥቅል ቁጥር ይልቅ በየቤቱ የተገኘው ውጤት ተዘርዝሮ፣ መጥፎው ቤት ከላይ ሆኖ። ድጋፍ ሰጪው ብሩን አልከለከለም፤ ጊዜ ግን ጨመረልን።

ልጁ እንደገና ወጣ። አሁን በአንድ ግቢ፣ በአንድ ሰዓት፣ አንዴ እየተንኳኳ አንዴ ሳይንኳኳ ይቀዳል፤ ስልኩን ቤት ውስጥ አስቀምጦም የግቢውን በር ያስመታል። እያንዳንዱ ፋይል ስሙ ላይ የቤቱን ቁጥር ይዟል። ውጤቱ ቀስ በቀስ ተሻሽሏል፤ የመጀመሪያው ሪፖርት ላይ ወደነበረው ግን አልደረሰም። ልብስ ሰፊዋም የራሳቸውን በር በልጃቸው አስመትተው አፑ ላይ ቀድተዋል። ክረምት ላይ ዝናቡ የቆርቆሮ ጣራውን ሲመታ በሩን አሁንም አይለየውም። በዚያን ጊዜ ዝም ከማለት ይልቅ «አሁን አልሰማም» ብሎ በሌላ ዓይነት ንዝረት እንዲያሳውቅ አድርገናል። ሐሳቡን ያመጡት እሳቸው ናቸው።