የመቀመጫ ሕመም፦ ከዱካ እስከ እርግዝና

ደሴ ላይ መቀመጫው የታመመ ሰው ብዙ ጊዜ ዳገቱን ይወቅሳል። ዳገቱ ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ነው የሚወቀሰው፤ ይበልጥ የሚጎዳው ተቀምጦ መዋል ነው። አጭር ዱካ ላይ ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣል፣ ወገብ ይጎብጣል፣ ክብደቱም መቀመጫ አጥንት ላይ ያርፋል። ቡናው በረካ እስኪደርስ ከመቆየት በየ30 ደቂቃው መነሳት ይሻላል። የባጃጅ ሾፌሮች ደግሞ የኋላ ኪሳችሁን ባዶ አድርጉ፤ ቦርሳው ዳሌን አዘንብሎ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይጫናል።

ለማፍታታት በጀርባ ተኝቶ የታመመውን ጎን ቁርጭምጭሚት በሌላው ጉልበት ላይ ማድረግና ከሥር ያለውን የሌላውን እግር ጭን ወደ ደረት መሳብ፤ 30 ሰከንድ፣ 3 ጊዜ። እግር ከደነዘዘ ማቆም ነው።

በእርግዝና ጅማቶች ስለሚላሉ የዳሌ መገጣጠሚያ አንድ እግር ላይ መቆምን አይወድም። ሱሪም ሆነ ጫማ ተቀምጦ መልበስ፣ ደረጃን አንድ በአንድ መውጣት ይረዳል። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ መጀመሪያ መቀመጥ፣ ከዚያ ሁለቱን እግር ገጥሞ ማዞር። ሌሊት በጎን ተኝቶ የተጠቀለለ ጋቢ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት መሃል ማስገባት፤ ትራስ ጉልበት ላይ ብቻ ከሆነ እግሩ ወደ ታች ወድቆ ዳሌውን ይጠመዝዛል። ማፍታቻውም ሆድ ሲገፋ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሠራል።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የተባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ነፍሰ ጡር በራሷ አትውሰድ፤ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ።

ሽንት እንቢ ካለ፣ በጭኖች መሃል ከደነዘዘ፣ እግር ከሰነፈ፣ ወይም በእርግዝና ደም ወይም ውሃ ከፈሰሰ ወይም ሕመሙ እንደ ምጥ እየመጣ እየሄደ ከተደጋገመ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል።