ጉንፋኑ የትኛው ነው? የፒሲአር ልምምዴ እስካሁን

የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ደሴ ውስጥ የሚያስለው ሰው ይበዛል። ሁሉንም "ጉንፋን ነው" እንላለን። ኢንፍሉዌንዛ ይሁን ኮቪድ ወይም አርኤስቪ (ሌላ የመተንፈሻ አካል ቫይረስ)፣ ሳሉን ሰምቶ መለየት አይቻልም። የቫይረሱን ዘረ-መል አባዝቶ የሚለየውን የላብራቶሪ ምርመራ፣ ሪል ታይም ፒሲአርን፣ መለማመድ የጀመርኩት ለዚህ ነው። እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ።

ከበሽተኛው ናሙና አርኤንኤ (የቫይረሱ ዘረ-መል ያለበት) ይወጣል፣ ወደ ዲኤንኤ ይቀየራል፣ ከዚያ ማሽኑ ያባዛዋል። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከባዱ ውጤቱን ማንበብ ነው።

አሁን መጀመሪያ የማየው አርኤንኤዝ ፒን ነው። ይህ የሰው ጂን ነው፤ የሰው ህዋስ ያለበት ናሙና ላይ መታየት አለበት። ቫይረሱም እሱም ከጠፉ ውጤቱ "ኔጌቲቭ" አይባልም። ወይ ናሙናው በደንብ አልተወሰደም፣ ወይ ኤክስትራክሽኑ (አርኤንኤ ማውጣቱ) አልሰራም፤ ስለዚህ ይደገማል። አንድን በሽተኛ በስህተት "ነፃ ነህ" ከማለት የሚያድነን ይህ ስለሆነ በጣም እወደዋለሁ።

ኢንፍሉዌንዛ ላይ ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ ኤ ነው ወይስ ቢ የሚለው ይለያል። ኤ ከሆነ ከንዑስ ዓይነቶቹ ኤች1 ነው ወይስ ኤች3 የሚለው ይታያል። ቢ ከሆነ የምንጠብቀው ቪክቶሪያ የሚባለውን ዘር ነው፤ ያማጋታ የሚባለው ሌላው ዘር ከመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሲዘዋወር አልተረጋገጠም።

ኤ ፖዘቲቭ ሆኖ ኤች1ም ኤች3ም ባይሆንስ? እዚህ ላይ ሲቲውን፣ ማለትም ቫይረሱ እስኪታይ ማሽኑ ያባዛበትን የዙር ቁጥር፣ ማየት ነው። 37 አካባቢ ከሆነ ቫይረሱ ትንሽ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። 22 ከሆነ ግን ቫይረሱ ብዙ ነው፤ ሲቲ በ3.3 ገደማ ሲቀንስ መጠኑ አስር እጥፍ ይጨምራልና። እንዲህ ያለው ናሙና ከእንስሳት የመጣ አዲስ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ማደር የለበትም። ወዲያው ሪፖርት ተደርጎ ወደ ሪፈራል ላብራቶሪ መላክ አለበት።

ቀጥሎ የማጠናው ሄማግሉቲኔሽን ኢንሂቢሽን የሚባለውን ሌላ የምርመራ ዘዴ ነው። መሠረቱ ጆርጅ ኸርስት በ1941 እ.ኤ.አ. ያሳየው ነገር ነው፦ ኢንፍሉዌንዛ ቀይ የደም ህዋሶችን ያያይዛል። የታወቀ አንቲቦዲ ሲጨመር መያያዙ ከቆመ የቫይረሱ ማንነት ይታወቃል።

ደላንታና ወረኢሉ ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ናሙና ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚቆየው እስከ 72 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ከዜሮ በታች 70 ይፈልጋል። መኪና ሲዘገይ አይስ ቦክሱን እንዴት ታቆዩታላችሁ?