ከቁም ሳጥኑ ጀርባ

ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል። የሰፈሩ ልጆች ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡን እየጠበቁ ነው። የኔዋ በመስኮት ታያቸዋለች። ሳሏ ገና አልለቀቃትም።

ሦስት ክረምት ሙሉ "ብርድ ነው" ስንል ኖርን። ዳማከሴ አሸተትናት፣ ዝንጅብል በማር አጠጣናት። ሰኔ ላይ ቁም ሳጥኑን ስናነሳ ግን የጭቃው ግድግዳ ከወለሉ እስከ ወገቤ ጠቁሮ አገኘነው። አልጋዋ የተጠጋው እዚያው ነበር። ክፍሉ እምክ እምክ ይል እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ፤ ለካ ለምደነዋል። ለሐኪሙ ስነግረው ሻጋታ አስሟን ሊያባብሰው እንደሚችል አስረዳኝ።

ፊርማ ማሰባሰብ የጀመርኩት በዚያ ሳምንት ነው። የጠየቅነው ብዙ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ሻጋታ ያስተምሩልን። ሳል የማይለቀው ልጅ ሲመጣ የሚተኛበት ቤትም ይጠየቅ። የሚያፈስ ቆርቆሮ ክረምት ሳይገባ ይጠገን። አቤቱታ የማቅረብ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ ተጽፏል፤ ወረቀቱ አናት ላይ አሰፈርኩት፣ ሰው እንዳይፈራ ብዬ።

ሰው ግን የፈራው ሌላ ነገር ነው። በእድር ስብሰባ ላይ ወረቀቱን ሳዞር ሴቶቹ አንብበው ዝም ብለው ያሳልፉታል። አንዷ ጎረቤቴ በኋላ ለብቻ ጠርታ "እቴ፣ ቤቷን አታጸዳም ይሉኛል" አለችኝ። ተከራዮቹ ደግሞ "ባለቤቱ ቢሰማ ውጡ ይለናል" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ በክረምት ቤት ፍለጋ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የቤት ቁጥር የሚሞላበትን ረድፍ ሰረዝኩት። ስምና ፊርማ ብቻ በቂ ነው።

ስለ ሐፍረቱ ግን ብዙ አወራሁ። ሻጋታ የሚፈልገው ርጥበት ነው። ውሃ ከመሠረቱ የሚስብ ግድግዳ ይበቃዋል። በዝናብ ቀን ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ፣ በሩ ተዘግቶ የሚፈላ ድስት ይጨምርበታል። ዘሩ በዓይን አይታይም፤ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ እንተነፍሰዋለን። ርጥበቱ ካልተቋረጠ ቀለም ቢቀቡበትም ተመልሶ ይወጣል። እኔ ሁለቴ ቀብቼበታለሁ። የዓለም ጤና ድርጅትም ስለዚሁ ጉዳይ በ2009 እ.ኤ.አ. መመሪያ አውጥቷል፦ እርጥብና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካላት ሕመምና ለአስም የበለጠ ይጋለጣሉ።

የአዋብ ኢሻክንም ታሪክ ነገርኳቸው። ወላጆቹ ከሱዳን፣ ከመተማ ማዶ ካለው አገር ናቸው። እንግሊዝ አገር ሮችዴል በሚባል ከተማ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። አባትየው ስለ ሻጋታው ደጋግሞ አመለከተ፤ የተሰጠው መልስ ግን ጥፋቱን ወደ አኗኗራቸው የሚያዞር ነበር። ልጁ በ2020 እ.ኤ.አ. በሁለት ዓመቱ ሞተ። ምክንያቱ የቤቱ ሻጋታ መሆኑ በምርመራ ተረጋገጠ። ከዚያ ከ170 ሺህ በላይ ሰው ፈረመ፣ በ2023ም በስሙ የሚጠራ ሕግ ወጣ። ይህን ስናገር እድሩ ጸጥ አለ። "አኗኗራችሁ ነው" የሚለውን ቃል እዚያ ያልሰማው ሰው ያለ አይመስለኝም።

በፍልሰታ ጾም ከቅዳሴ መልስ ብዙ ሰው ፈረመልኝ። አሁን ሁለተኛው ደብተር ተጀምሯል። ከመስቀል በኋላ ለጤና መምሪያ እናስገባለን።

ዛሬ ይህን እየጻፍኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ያቺ ጎረቤቴ ናት፣ ነጠላዋን ተከናንባ። ፊርማ ልትሰጠኝ መስሎኝ ደብተሩን ሳወጣ "ቆይ፣ መጀመሪያ ነይ እዪልኝ" አለችኝ። ቤቷ ስንገባ አልጋውን በአንድ በኩል እሷ፣ በሌላው በኩል እኔ ይዘን ከግድግዳው አራቅነው።