ዳሌዬን የፈታልኝ አምላክ ይመስገን

ስሙ የተመሰገነ ይሁን! ከዳንኩ እመሰክራለሁ ብዬ ለአራዳው ጊዮርጊስ ተስዬ ነበርና ይኸው።

ቀኝ ዳሌዬን ሲያመኝ ከረመ። አንዱ ሪህ ነው አለኝ፣ ሌላው ዲስክ። ራጁ ምንም አያሳይም። ማስታገሻ እየዋጥኩ፣ እያነከስኩ ስንት ወር ሄደ።

ያቺ ሌሊት ግን! ስምንት ሰዓት ገደማ ከአልጋ ስነሳ ዳሌዬ ውስጥ ቀጭ አለና ተቆለፈ። አልቀመጥ፣ አልራመድ። የበሩን መቃን በሁለት እጄ ጨብጬ ቀረሁ። ላቡ በጀርባዬ ይወርዳል። እማዬ እግሬን ልታንቀሳቅሰው ስትሞክር ጮህኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ብንጣራ ማን ይሰማናል? ታክሲ ብንደውል የሚያነሳ የለም። እሷ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ትላለች። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ በእግዚአብሔር ተቆጥቼ ነበር። "የያዕቆብን ጭን ስትነካው ባርከኸዋል። እኔንስ? አካለ ስንኩል ልታደርገኝ ነው?" አልኩት፣ ጮክ ብዬ። እማዬ ደነገጠች። ከዚያ "ካልባረክኸኝ አልለቅቅህም" የሚለው ቃል ሳላስበው አፌ ላይ መጣ። እያለቀስኩ ደጋገምኩት። ከጊዮርጊስ የኪዳን ድምፅ በማይክ ሲሰማ አሁንም መቃኑን እንደያዝኩ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ እማዬ ሮጣ ጎረቤታችንን ጋሼን ቀሰቀሰች። እድሜ ይስጥልኝ፣ ከልጃቸው ጋር በጋቢ ተሸክመው መኪናቸው ውስጥ አስገቡኝ።

ኤም አር አዩ ጉዱን አወጣው። ሲኖቪያል ኮንድሮማቶሲስ ይባላል፤ ብዙ ሰው ላይ አይታይም። "ካንሰር አይደለም" አለኝ ሐኪሙ። የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋን የለስላሳ አጥንት እንክብሎች ይሠራል። እነሱ ተላቅቀው ይንሳፈፋሉ፤ ሲሰነቀሩ ዳሌው ይቆለፋል። ካልሲየም ካልያዙ ደግሞ ራጅ ላይ አይታዩም።

ተራና ገንዘብ ስንጠብቅ ክረምቱም ጾመ ነቢያትም አለፈ። የጽዋ ማኅበሬ አባላት ያዋጣችሁልኝን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ።

ዳሌዬ በሰፊው አልተቀደደም። እግሬን በማሽን ጎትተው መገጣጠሚያውን ከፈት አደረጉት፤ በአንዱ ትንሽ ቀዳዳ ካሜራ፣ በሌላው መቆንጠጫ አስገቡ። ስነቃ ሲስተሯ በብልቃጥ አሳየችኝ። ነጫጭ፣ ሽምብራ የሚያካክሉ፣ ብዙ ናቸው። "እግዚአብሔር አጥንቶቻቸውን ሁሉ ይጠብቃል" አልኩ፣ ምላሴ በማደንዘዣው እንደተያያዘ። ይህቺ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ትራሴን ስታስተካክል ነው ያደረችው፤ ትባረክ።

በክራንች ጀምሬ ዛሬ የጊዮርጊስን ደጅ በእግሬ ሄጄ እሳለማለሁ። ጃንጥላውንም አስገብቻለሁ። በሽታው ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉን አልተውኩም። ወለተ ማርያም ብላችሁ በጸሎታችሁ አስቡኝ።