ሁለቴ የምትነሳዋ ሎኮሞቲቭ

ሥራ ከጀመርኩ አራተኛ ወሬ ነበር። ጀርመን አገር፣ ዶርትሙንድ አካባቢ፣ የሞዴል ባቡር በሚሸጥ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ጥገና እሠራለሁ። ከአገር ቤት ደውለው «ምን ሥራ ያዝክ?» ሲሉኝ «ባቡር እጠግናለሁ» እላለሁ። አልዋሸሁም። 87 ጊዜ አነሰ እንጂ ባቡር ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ቀይ ሎኮሞቲቭ ተቀምጣለች። ቪ 200 ናት። ጀርመኖች ለዚህች የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ያላቸው ፍቅር ለብቻው ነው። በፈረንጆቹ 1953 የመጀመሪያዋ ወጣች፤ እስከ 1959 ድረስ በጠቅላላው 86 ተሠሩ። አፍንጫዋ ክብ ነው፤ ግንባሯ ላይ ትልቅ የቪ ቅርጽ አለ። እውነተኛዋ 18 ሜትር ተኩል ገደማ ትረዝማለች፣ የኔዋ 21 ሴንቲሜትር። የኔዋ ስል የደንበኛው ማለቴ ነው።

ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት አጭር ነው፦ «ላስቲኩ ይቀየር።» ዳገት ላይ እንዳትንሸራተት መንኮራኩሯ ላይ የምትጠለቅ ቀጭን ቀለበት ናት። የአስር ደቂቃ ሥራ።

ከመፍታቴ በፊት ሀዲድ ላይ አስቀምጬ ልሞክራት አልኩ። ሆዷ ውስጥ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ፣ ዲኮደር የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለ። ኤሌክትሪኩንም ትእዛዙንም የሚቀበለው ከዚያው ከሀዲዱ ነው። ድምፁም ከእውነተኛ ሎኮሞቲቭ ተቀድቶ እሱ ላይ ተጭኗል። ቁልፉን ተጫንኩ። ሞተሩ አጓራ፣ አስነጠሰ፣ ተነሳ። ጥቂት ሰከንድ ቆየና እንደገና ከሀ ጀምሮ አስነጠሰ።

«አሃ!» አልኩ።

ይህችን በሽታ አውቃታለኋ! መንኮራኩር ሲቆሽሽ ኤሌክትሪኩ ለቅጽበት ይቋረጣል፤ ዲኮደሩ ጠፍቶ ሲመለስ ድምፁን ከመጀመሪያው ይጀምራል። መንኮራኩሯን ወለወልኩ። ሁለቴ ተነሳች። ሀዲዱን በአልኮል ጠረግኩ። ሁለቴ ተነሳች። ቀፎዋን አውልቄ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። አሁንም ሁለቴ! በዚያ ላይ ፍጥነት ስጨምርላት ሞተሩ ቆማ ሳለች ይጮኻል፣ እሷ ቆይታ ነው የምትሄደው። ይኸው ሌላ በሽታ፣ አልኩ።

የመጨረሻውን መድኃኒት አወጣሁ። የዲኮደር ጠባይ የሚወሰነው ሲቪ በሚባሉ ቁጥሮች ነው። ብዙዎቹ ላይ ሲቪ 8 ውስጥ 8 ከጻፍክ የሰው እጅ የነካካው ሁሉ ይጠፋና ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል። ጻፍኩ። ሎኮሞቲቯ ሳትዘገይ መታዘዝ ጀመረች፤ ፍጥነት ስሰጣት እንደ ፌንጣ ተስፈንጥራ ሄደች። ግን አሁንም ሁለቴ ትነሳለች። ወረቀቱ ላይ «ዲኮደሩ ተበላሽቷል፤ አዲስ ይገባለት» ብዬ ጻፍኩ። ዋጋም ጨመርኩበት፤ ትንሽ አልነበረም።

ሐሙስ ደንበኛው መጡ። በወጣትነታቸው በእነዚሁ ሎኮሞቲቮች ላይ ሠርተዋል፤ በፈረንጆቹ 1984 ሎኮሞቲቮቹ ከአገልግሎት እስኪወጡ ድረስ። ሞተሩን አስነሳሁና «ይስሙት፣ ሁለቴ ነው የሚነሳው» አልኳቸው።

«ስንት ሞተር ያላት ይመስልዎታል?» አሉኝ።

«አንድ።»

ሁለት ጣታቸውን አሳዩኝ።

ቪ 200 እያንዳንዳቸው 1100 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች አሏት። አንዱ የፊቱን መንኮራኩሮች ይነዳል፣ ሌላው የኋላውን። አንዱ ቢታመም በሌላው እያዘገመች ጣቢያ ትደርሳለች። ሾፌሩ አንዱን ያስነሳል፣ ከዚያ ሌላውን። እኔ የሰማሁት ሁለተኛውን ነበር። ገጠር ወፍጮ ቤቱን «ባቡር» ሲሉት ነው ያደግኩት፤ ሁለት ወፍጮ ጎን ለጎን ሲነሳ ምን እንደሚመስል እኔ ሳላውቅ ማን ሊያውቅ!

ሰውዬው ፈገግ እንዳሉ ፍጥነት ጨመሩ። ሎኮሞቲቯ ተፈናጠረች። ፈገግታው ጠፋ።

«ማን ነካት?»

ጆሮዬ ጋለ። በእውነተኛዋ ላይ የሞተሩ ጉልበት ወደ መንኮራኩር የሚሻገረው በዘይት ነው። ሞተሩ አስቀድሞ ይጮኻል፣ ዘይቱ ጉልበቱን ይቀበላል፣ ከዚያ ያ ሁሉ ቶን ብረት በዝግታ ይነቃነቃል። ሾፌሩ ጉልበቱን ሲቀንስ ደግሞ ሞተሩ ጸጥ ይላል፤ ባቡሩ ግን መንደርደሩን አይተውም። ሁለተኛ በሽታ ያልኩት ይህንን ነው። ሰውዬው ሞዴሏ እውነተኛዋን እንድትመስል ቁጥር በቁጥር እየለወጡ፣ እየሰሙ፣ እንደገና እየለወጡ ወራት የፈጀባቸው ልፋት ነበር። የትም አልጻፉትም። በጆሯቸው ነው የያዙት።

አለቃዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «ከመንካትህ በፊት የነበረውን አንብበህ መዝግበሃል?» ማንበቡ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። አላደረግኩትም። ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ደብተር አለ። የማንም ዲኮደር ቁጥሮቹ እዚያ ሳይሰፍሩ እጄ አይነካውም። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ጉድለት ካየሁም አስቀድሜ ስልክ እደውላለሁ።

ቅዳሜ ከሱቅ ሰዓት በኋላ ከሰውዬው ጋር ተቀመጥን። እኔ ቁጥር እጽፋለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ሲቪ 3 የመፋጠኛውን ጊዜ ይወስናል። «ገና ናት፣ ቸኮለች» ይላሉ። እጨምራለሁ። «አሁን ደግሞ ተኛች።» እቀንሳለሁ። መሀል ላይ ሃም ከተማ ውስጥ የባቡር ወዳጆች ጠብቀው ስላቆዩአት ቪ 200 033 አወሩኝ፤ ሄደህ አንድ ቀን በጆሮህ ስማት አሉኝ። እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ቆየን። ሒሳብ አልጠየቅንም፤ በምን አፋችን!

በመጨረሻ ስድስት ፉርጎ ቀጥለን ዳገቱ ላይ ለቀቅናት። አንደኛው ሞተር ተነሳ። ሁለተኛው ተነሳ። ጮኸች፣ ጠበቀች፣ በዝግታ ተነቃነቀች። ሰውዬው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዳገቱ መሀል ስትደርስ መንኮራኩሯ ባለበት ይሽከረከር ጀመር፤ እሷ ንቅንቅ አትልም።

ወደ እኔ ዞሩና «ላስቲኩስ?» አሉ።