አንድ ቦታ፣ ሁለት ካርታ
ጅማ ዝናቡ አላባራ ብሎ ቤት ዋልኩ። ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቼ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ስርዓተ ክወና) ጭኜበታለሁ፤ ሁሉም ሰላም ነው፣ የሙቀቱና የማራገቢያው ፍጥነት ግን አይታይም። የሴንሰሩን ቺፕ የሚያነበውን ፕሮግራም (ድራይቨር) በእጄ ልጫን ስል «ተይዟል» አለኝ። በማን? የከርነሉን (የሊኑክሱን እምብርት) መልእክት ሳገላብጥ ጉዱ ወጣ፦ ከባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ ከሚነሳው ፕሮግራም) የሚመጣው የኤሲፒአይ ሠንጠረዥ፣ ማለትም ስለ ሃርድዌሩ ለሊኑክስ የሚነግረው ዝርዝር፣ ድራይቨሩ ቺፑን የሚያገኝበትን ያንኑ የፖርት አድራሻ የራሴ ነው ብሎ አጥሮታል። የመሬት ክርክር በሉት። ሊኑክስ ደግሞ በነባሪው ለሠንጠረዡ ይፈርዳል።

ለማዘርቦርዱ አዲስ ባዮስ ፈለግኩ፣ የለም። ቡናው እስኪፈላ ግሩብ (ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይ «ኤሲፒአይ ኢንፎርስ ሪሶርስስ» የሚለውን «ላክስ» (ልል) አድርጌ፣ ሠንጠረዡ ቢያጥረውም ድራይቨሩ ይግባ ብዬ አስነሳሁት። 47 ዲግሪ! ታየኝ። ባዮሱም ድራይቨሩም ቺፑን እኩል ከነኩት ግን ንባቡ ሊዛባ፣ ማራገቢያውም ሊያብድ ስለሚችል፣ ለጊዜው ማንበብ ብቻ ነው፤ ፍጥነቱን አልነካም።